እግር እንዳይከዳ፦ ለሳምንታት አልጋ ላይ ለሚውል ሰው

በ1970 ሁለት የሶቭየት ጠፈርተኞች፣ አንድሪያን ኒኮላዬቭና ቪታሊ ሴቫስቲያኖቭ፣ በሶዩዝ 9 መንኮራኩር 18 ቀን ገደማ ቆይተው ሲመለሱ እግራቸው ከዳቸው። ከመንኮራኩሩ የወጡት በሰው ድጋፍ ነው። በ1995 ደግሞ ሐኪሙ ቫሌሪ ፖልያኮቭ ሚር በተባለው የጠፈር ጣቢያ 437 ቀን ቆይቶ ወረደና ከመንኮራኩሩ አጠገብ ወደተዘጋጀለት ወንበር በእግሩ ሄደ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ25 ዓመት ውስጥ የተጨመረው ትልቁ ነገር በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚሠራ፣ ክብደት ያለው እንቅስቃሴ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ጭኑ ተሰብሮ በትራክሽን (እግሩ በተንጠለጠለ ክብደት እየተጎተተ) ለተኛ፣ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት ለማይነሳ፣ በሌላ ሕመም አልጋ ለያዘ ሰውና አጠገቡ ሆኖ ለሚያስታምም ቤተሰብ ነው። ለነፍሰ ጡር እናት፣ ለልብ ሕመምተኛና በፅኑ ሕሙማን ክፍል ላለ ሰው አልተጻፈም፤ የእነሱ መጠን በሐኪማቸው ብቻ ይወሰናል።

አልጋና ጠፈር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ቆመን ስንውል እግራችን፣ ዳሌያችንና አከርካሪያችን ቀኑን ሙሉ ክብደታችንን ይሸከማሉ። ልብና የደም ሥሮችም ደምን ከእግር ወደ ላይ ሲመልሱ ይውላሉ። ስንተኛ ሁለቱም ሥራ ይቀራል፤ ጠፈር ላይም እንዲሁ። በጀርመን ኮሎኝ፣ በፈረንሳይ ቱሉዝና በአሜሪካ ጋልቨስተን ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች 60 እና 70 ቀን አልጋ ላይ እየዋሉ ሲጠኑ የቆዩት ለዚህ ነው። አልጋው በራስጌ በኩል 6 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ 2 ሜትር በሆነ አልጋ ግርጌው ከራስጌው 21 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። ሐሳቡ የመጣው ከሶቭየት ጠፈርተኞች ነው። ከጠፈር መልስ በደልዳላ አልጋ ላይ ሲተኙ ወደ ግርጌ የሚንሸራተቱ ይመስላቸው ስለነበር ግርጌው ከፍ እንዲልላቸው ይጠይቁ ነበር። እቤት ይህን ማድረግ አይገባም፤ የጥናቱ አልጋ የሚዘቀዘቀው ጉዳቱ ቶሎ እንዲታይ ተብሎ ነው።

መጀመሪያ የሚሄደው ውሃው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የደም ፈሳሹ ክፍል ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል፤ አንድ ሳምንት የተኛ ሰው ድንገት ሲቆም ዓይኑ ላይ የሚጨልምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀጥሎ ልብና ሳንባ ይደክማሉ። በ1966 በአሜሪካ ዳላስ አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ተኝተው በደቂቃ መጠቀም የሚችሉት ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከ3.3 ሊትር ወደ 2.4 ወረደ። እነዚያኑ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ ሲለኳቸው 2.9 ነበር። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ መዋል ከ30 ዓመት እርጅና የበለጠ ጎድቷቸዋል ማለት ነው።

ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ በሁሉም ቦታ እኩል ግን አይደለም። በጣም የሚጎዳው ባት ነው፣ ከዚያ የፊት ጭን፣ መቀመጫና በአከርካሪ ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች። ክንድ ብዙም አይነካም፤ ተኝተንም እንበላበታለን፣ ስልክ እንይዝበታለን። ጉልበት የሚቀንሰው ደግሞ ጡንቻው ከሚከሳው ቀድሞ ስለሆነ "እግሩ አልከሳም፣ ደህና ነው" ማለት አያስተማምንም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ፍጥነቱ ያስደነግጣል። አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ ተኝተው ከሁለቱ እግሮቻቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። እናትዎ ወይም አባትዎ ከሆኑ የተኙት፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ በመጀመሪያው ቀን ይጀምሩ።

አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ለመመለስም ከሁሉም ይዘገያል። ጠፈር ላይ በቂ ጫና ካላገኘ የዳሌ አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳል። ከአጥንት የወጣው ካልሲየም በሽንት ስለሚወርድ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊፈጥር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ። ብዙ ታማሚ "እንቅስቃሴ እሠራለሁ" ሲል ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማድረጉን፣ እጁን ማወዛወዙን ነው። ይህ ደም እንዳይረጋ ያግዛል፤ ጡንቻና አጥንት ግን አይጠብቅም። ሂሳቡ ቀላል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረጃ ሲወጣ በአንድ እግሩ ቆሞ 60 ኪሎውን ያነሣል፤ ባቱ ይህን በቀን ሺህ ጊዜ ይሠራ ነበር። አልጋ ላይ ሆኖ የ2 ሊትር ፕላስቲክ ውሃ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቢያስር 2 ኪሎ ነው። ባቱ ሥራ አገኘሁ ብሎ አይቆጥረውም።

የጠፈር ድርጅቶችም ይህን የተማሩት በዋጋ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ መጀመሪያ የነበረው የጡንቻ ማጠንከሪያ መሣሪያ በላስቲክ የሚሠራ ሆኖ ጫናው እስከ 136 ኪሎ ነበር። ምድር ላይ ብዙ ነው። ጠፈር ላይ ግን ቁጭ ብድግ የሚሠራ ሰው የገዛ ክብደቱን ስለማያነሣ መሣሪያው በመጀመሪያ ያንን መተካት አለበት፤ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ጠፈርተኞቹ በትጋት እየሠሩም አጥንታቸው መሳሳቱን ቀጠለ። ከ2009 ጀምሮ እስከ 272 ኪሎ የሚጫን መሣሪያ ሲገባ፣ በቂ ምግብና ቫይታሚን ዲ ታክሎበት፣ የአጥንታቸው መጠን በአብዛኛው ቦታ ሳይቀንስ መመለስ ጀመሩ። የሚሠሩበት ሰዓት ያን ያህል አልተለወጠም፤ የጨመረው ክብደቱ ነው። ስለዚህ አልጋ ላይም ጥያቄው "ስንት ጊዜ አደረግሁ?" ብቻ መሆን የለበትም። "መጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ከብደውኛል ወይ?" ብለው ይጠይቁ።

ሳይጀምሩ

ለሐኪሙ ወይም ለፊዚዮቴራፒስቱ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፣ መልሱንም በወረቀት ይያዙ። የትኛው መጋጠሚያ መታጠፍ የለበትም? በየትኛው እግር ላይ ምን ያህል ክብደት ተፈቅዷል፣ ምንም፣ መንካት ብቻ ወይስ ሙሉ? ወደ ጎን መዞርና መቀመጥ ይቻላል? "እንቅስቃሴ አድርግ" የሚል ጥቅል መልስ አይበቃም፤ ታማሚውም አስታማሚውም ፈርተው እንዲተዉት ያደርጋል።

በዕለቱ የማይሠራባቸው ምልክቶች አሉ፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሳይንቀሳቀሱ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ በስብራቱ ቦታ አዲስ ሕመም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው አንዱ ባት ብቻ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም ነው። በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ተገፍቶ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። እዚህ ላይ ልመናችን ነው፦ ያበጠ ባት በቅቤም በቅባትም አይታሽ፣ ወጌሻም አይንካው፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ። ያላበጠ እግርን በዝግታ ማሸት ያሳርፋል፣ ቤተሰብም ፍቅሩን የሚገልጽበት ነው፤ ጡንቻ እንዳይከሳ ግን አያደርግም። የእንቅስቃሴን ቦታ እንዲይዝ አትፍቀዱለት።

አንሶላው

ውድ መሣሪያ የሌለው ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ለእግሩ እውነተኛ ጫና የሚያገኝበት መንገድ አንሶላ ነው። እግርን በአልጋው ግርጌ ወይም በግድግዳ ላይ መግፋት የሚሠራ ይመስላል፤ ሲሞከር ግን ሰውየው ወደ ራስጌ ይንሸራተታል፣ ቆዳውም ፍራሹ ላይ ይፈተጋል። ጠፈርተኞች በመሮጫ ማሽናቸው ላይ በትከሻና በወገብ ማሰሪያ ወደ ታች የሚጎተቱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያለበለዚያ በመጀመሪያው እርምጃ ተንሳፍፈው ይሄዳሉ። አንሶላ ኃይሉን እጅና እግር መካከል ያስረዋል፤ ሰውነት ወደ የትም አይሄድም።

ጠንካራ የጥጥ አንሶላ በርዝመቱ አጥፈው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ያህል ርዝመት እንዲኖረው ያድርጉ። ነጠላ ይቀደዳል፤ ጋቢ ወፍሮ ከእጅ ይሾልካል። በጀርባ ተኝተው ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ያምጡ፣ የአንሶላውን መሐል የእግርዎ መርገጫ ላይ ያድርጉ፣ ሁለቱን ጫፎች እጅዎ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመው ክርንዎን ጎንዎ ላይ ፍራሹ ላይ ያሳርፉ። አሁን እጅዎ ሳይለቅ በሦስት ሰከንድ እግርዎን ይግፉ። ሊዘረጋ ትንሽ ሲቀረው ያቁሙና እየተቋቋሙ በሦስት ሰከንድ ይመልሱ። ሲመለስ ማገዱ ከመግፋቱ አይተናነስም፤ ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይጥለዋል። በአንድ እግር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ በጠቅላላው ሦስት ዙር። 12 ጊዜ በሁለት ተከታታይ ቀን ከቀለለዎት የእጅዎን መጎተት ይጨምሩ።

ለባት ያው አንሶላ ከጣቶች ሥር ባለው ወፍራም ቦታ ላይ ይገባል። ጉልበት ተዘርግቶ የእግር ጣትን ወደ ፊት ይግፉ፣ ሁለት ሰከንድ ይያዙ፣ በሦስት ሰከንድ ይመልሱ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ከዚያ ጉልበትን በትንሹ አጥፈው ሁለት ዙር ይድገሙ። ባት ሁለት ጡንቻ ነው፤ ከሥር ያለውና ስንቆም የሚይዘን ይበልጥ የሚሠራው ጉልበት ሲታጠፍ ነው።

ከጊዜ በኋላ እጅ ከእግር ቀድሞ ይደክማል። ያን ጊዜ አንሶላውን በጀርባ በኩል ከብብት ሥር አሳልፈው ሁለቱን ጫፎች እግር መርገጫው ላይ ያስሩ፤ ቋጠሮው ጉልበቱ በትንሹ እንደታጠፈ የሚያስቀር ይሁን። እግሩ መዘርጋት ስለማይችል ባለበት ይገፋል፦ 6 ሰከንድ በኃይል፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ 10 ጊዜ። ይህ አከርካሪን ጫን ስለሚያደርግ ለአጥንትም ይጠቅማል። የአከርካሪ ስብራት ወይም የአከርካሪ ነቀርሳ ያለበት ሰው ግን በዚሁ ምክንያት ፈጽሞ አይሞክረው።

ትንፋሽ አይያዝ። ሲገፉ ያውጡ፣ ሲመልሱ ያስገቡ፤ ጮክ ብሎ መቁጠር ትንፋሽ መያዝን ይከለክላል። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ድንገት ያሻቅበዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይጥለዋል።

የተጎዳውን እግር በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ጀሶ ውስጥ ወይም ትራክሽን ላይ እያለም የሚፈቀድ አንድ ነገር አለ፦ ሳያንቀሳቅሱ ማጥበቅ። ጉልበትን ወደ ፍራሹ እንደሚጫኑ አድርገው የፊት ጭንን 6 ሰከንድ ያጥብቁ፣ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን አራት ጊዜ። መቀመጫንም እንዲሁ። መፈቀዱን ግን ይጠይቁ። ትራክሽን ላይ ያለ ሰው የተንጠለጠለውን ክብደት ለእንቅስቃሴ ብሎ ማውረድም ማሳረፍም የለበትም፤ ክብደቱ ወለል ወይም አልጋ ከነካ መጎተቱ ቆሟል፣ አጥንቱም ሊንሸራተት ይችላል።

ዳሌ፣ አከርካሪና ጭን ያልተሰበረበት ሰው ወገቡን ከፍራሽ ያንሣ፦ ሁለት እግር ታጥፎ፣ ተረከዝ ፍራሹን ተጭኖ፣ መቀመጫ ወደ ላይ፣ 3 ሰከንድ ቆይቶ ወደ ታች። 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲቀልል በአንድ እግር ብቻ፣ በየጎኑ 8። መቀመጫንና የኋላ ጭንን አልጋ ላይ ከሚሠሩ ነገሮች ሁሉ የበለጠ የሚይዝ ይህ ነው። የአልጋ መጸዳጃ ለማስገባትም ያው እንቅስቃሴ ነው፤ የሚችል ታማሚ አስታማሚውን ከብዙ ማንሣት ያድናል።

አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ሲፈቀድ ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት አስሮ ጉልበት መዘርጋት ይጨመራል። 1 ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከውሃ ይልቅ አሸዋ በትንሽ ቦታ ብዙ ክብደት ይሰጣል። ከሥሩ ፎጣ ይጠምጠም፤ የተኛ ሰው ቆዳ ቶሎ ይላጣል።

ክንድ ላይ ጥቂት እንበል። ከአልጋ በላይ የሚንጠለጠለው መያዣ ሰውን ያነሣል፤ የሚያጠነክረው ግን የሚጎትተውን ጡንቻ ነው። ክራንች የሚይዘው የሚገፋው፣ ከክንድ በስተኋላ ያለው ነው። በየጎንዎ አንድ አንድ ጡብ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፣ ተቀምጠው በመዳፍ ተጭነው መቀመጫዎን 3 ሰከንድ ያንሡ፤ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። መቀመጫ ላይ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣም ያግዛል። በመያዣው ሲነሡ ደግሞ ጤነኛውን ተረከዝ ፍራሽ ላይ ተክለው አይግፉ፤ ትራክሽን ላይ ያሉ ሰዎች ጤነኛ ተረከዛቸው የሚቆስለው በዚህ ነው።

ልብና ሳንባ

አንሶላው ብቻውን ትንፋሽን አይጠብቅም። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1980ዎቹ በኤምስ ማዕከሉ ባደረገው የ30 ቀን ጥናት ምንም ያልሠሩት አቅማቸው በ18 በመቶ ሲወርድ፣ ተኝተው በቀን ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ፔዳል የመቱት ይዘውት ቆይተዋል። የአልጋ ፔዳል የሚገኝ ከሆነ ግርጌው ላይ በደንብ ይታሰር። ከሌለ በተፈቀደው እግር አንሶላውን በቀላል ጫና ቶሎ ቶሎ መግፋት፣ በሁለት እጅ የብስክሌት ከመነዳሪ (የጎማውን የውስጥ ላስቲክ) ግርጌው ላይ አስሮ እንደ ጀልባ ቀዛፊ መጎተት፣ ሁለቱን ማፈራረቅ ይቻላል።

ናሳ ኋላ ለጠፈርተኞቹ ያወጣው መርሐ ግብር ለአልጋም ይመቻል። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፣ አንዱ እረፍት ነው። በሦስቱ ቀናት ከባድ የጡንቻ ሥራ (ለታማሚ አንሶላው) እና 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ መካከለኛ ፔዳል። በሌሎቹ ሦስት ቀናት ከባድና አጭር ፔዳል፦ አንድ ቀን 30 ሰከንድ ስምንት ጊዜ፣ አንድ ቀን 2 ደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ አንድ ቀን 4 ደቂቃ አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ ቀለል እያደረጉ። ይህ በጋልቨስተን በ70 ቀን የአልጋ ጥናት ተፈትኖ የጡንቻንም የትንፋሽንም አቅም በደንብ ጠብቋል። ታማሚ ከዚህ እንዳይጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 15። መለኪያው ንግግር ነው፤ በቀላሉ ሥራ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፣ በከባዱ ሦስት አራት ቃል ብቻ ይወጣል። መናገር ካቃተ በዝቷል።

ሰዓቱን ከቤቱ ኑሮ ጋር ያያይዙት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ የጡንቻው ሥራ፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የትንፋሹ። ጠያቂ ሲመጣ ሁሉም "ተኛ፣ አትድከም" ይላል። ከልብ የመነጨ ነው፤ ግን በቀን አሥር ሰው እንዲህ ካለ ታማሚው መንቀሳቀስ ጥፋት ይመስለዋል። ከመጡት አንዱን አንሶላውን ያዝ፣ ቁጠርልኝ ይበሉት። ጠያቂውም ደስ ይለዋል።

ቀና ማለት

አልጋ ላይ የቱንም ያህል ቢሠራ ሲነሡ ከማዞር አያድንም። እዚህ ላይ የሚሠራው ቀና ማለት ራሱ ነው። ጠፈርተኛ ስበት ስለሌለው በኮሎኝ በ2019 በጎ ፈቃደኞችን በቀን 30 ደቂቃ ስበትን ለመተካት በሚሽከረከር የማሽን ክንድ ላይ አስተኝተው እስከማጥናት ደርሰዋል። እኛ ስበቱን በነፃ አለን፤ ሐኪም መቀመጥን ፈቅዶ ሳለ ተኝቶ መዋል ትልቅ ኪሳራ ነው።

በሁለት ትራስ ራስጌውን 30 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገው 10 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ ይጀምሩ። በሚቀጥሉት ቀናት ወደ 60 ዲግሪ፣ ከዚያ እግር አንጠልጥሎ ጠርዝ ላይ 5 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ ከአልጋ ወርዶ ወንበር ላይ ምግብ መብላት። ከመቀመጥዎ በፊት ቁርጭምጭሚትዎን 20 ጊዜ ያንቀሳቅሱ፣ ከ15 ደቂቃ ቀደም ብለው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። የጠፈር መንኮራኩር አብራሪዎች ከመውረዳቸው በፊት 8 የጨው ኪኒን ከ1 ሊትር ገደማ ውሃ ጋር ይወስዱ የነበረው ለዚሁ ነው፤ ጨዉን ግን ግፊት፣ ልብ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው እንዳይሞክረው። በተቀመጡ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊት በ20 ከወረደ፣ ልብ ምት በ30 ከጨመረ፣ ወይም ከንፈር ከገረጣ መልሰው ያስተኙ። ከሰዓታት በኋላ ይሞከር እንጂ "አልቻለም" ተብሎ ለሳምንት አይተው።

ትራስና ብርድ ልብስ የሚያደርሱት ጉዳት

ጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ያሳርፋል፤ ለሳምንታት ሲቆይ ግን ጉልበትና ዳሌ እንደታጠፉ ይደርቃሉ፣ ሰውየው ሲነሣ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል። ትራሱ ለእንቅስቃሴና ለአጭር እረፍት ብቻ ይሁን፤ ተረከዝ እንዳይቆስል ከተፈለገ ከባት ሥር ተደርጎ ተረከዙ በአየር ላይ ይቅር፣ ጉልበቱም ቀጥ ይበል። ሁለተኛው ብርድ ልብስ ነው። ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ የእግር ጣትን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይጫናል፤ በወሩ የቁርጭምጭሚት ጅማት አጥሮ ተረከዝ መሬት አይነካም። ግርጌው ላይ ካርቶን አስቀምጠው ልብሱን በላዩ ያልብሱ፣ መርገጫው በ90 ዲግሪ የሚደገፍበት ትራስ ያድርጉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ በአንሶላው ጣትን ወደ ራስ በመጎተት 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይሳቡ።

ምግብና ውሃ

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይጠበቅም። ለታመመ ትልቅ ሰው በኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም በቀን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ሙሉ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። አጥሚትና ሾርባ ብቻ የሚጠጣ ሰው እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም። በጾም ወቅት የነፍስ አባትን ማማከር ጥሩ ነው፤ እጾማለሁ ካለ ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ በየማዕዱ ይጨመሩለት። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት።

ውሃው ላይ ይሉኝታ ይገባል። ታማሚው መጸዳጃ አቅርቡልኝ እያለ ሰው ላለማስቸገር ውሃ ይቀንሳል፤ በተለይ እናቶች። ሽንቱ ይጠቁራል፣ ደሙ ይቀንሳል፣ ለጠጠርም ለደም መርጋትም በር ይከፈታል። የልብና የኩላሊት ክልከላ ከሌለ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ይጠጣ። አስታማሚው ሳይጠየቅ በየሦስት ሰዓቱ መጸዳጃ ቢያቀርብ ውሃው ራሱ ይጨምራል።

ከተነሡ በኋላ

የዳላስ ወጣቶች ያጡትን ትንፋሽ መልሰው ከነበሩበት በላይ የደረሱት በሁለት ወር ልምምድ ነው። ናሳም ከጣቢያ ለተመለሰ ጠፈርተኛ 45 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ይመድባል። አጥንት ከዚያም በላይ ወራት ይፈልጋል፤ ትንፋሽና ጡንቻ ቀድመው ሲመለሱ ሰው ድኛለሁ ብሎ ይደፍራል፣ በሳሳ አጥንት ላይ ይወድቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ መብራት ይብራ፣ ምንጣፍ ይነሣ፣ አጠገብ ሰው ይኑር።

ወገብም ጥንቃቄ ይሻል። ክብደት ሳይሸከም የከረመ አከርካሪ ይረዝማል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ውሃ ስቦ ያብጣል። ከጠፈር የተመለሱ ሰዎች ዲስክ የመንሸራተት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከአልጋ በተነሡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ማንሣት፣ ሕፃን ከወለል ማንሣት ይቅር፤ የወደቀ ነገር ካለ ጉልበት አጥፎ ወይም ሌላ ሰው ያንሣው። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ግን በየቀኑ ይሠራ፦ በመጀመሪያ ትራስ በተደረገበት ከፍ ያለ ወንበር፣ በእጅ እየተደገፉ 5 ጊዜ ሦስት ዙር፤ ከዚያ ያለ እጅ፤ ከዚያ ትራሱን አንሥቶ። ያለ እጅ ድጋፍ ከተለመደ ወንበር 10 ጊዜ ተነሥቶ የተቀመጠ ሰው ደረጃ መውጣት ሊጀምር ይችላል፤ ጤነኛው እግር እየቀደመ ይወጣል፣ የተጎዳው እየቀደመ ይወርዳል።